የመዝገብ ቤቷ ሐዋ እና «የእኔ» ድረ-ገጽ

በአሶሳ ከተማ ድረ-ገጽ የሚባለውን ነገር ከባዶ ሜዳ አንሥቶ፣ ግድግዳ አቁሞ፣ ጣራ አልብሶ ለሕዝብ ያስረከበ ሰው ቢኖር እኔ አራጋው ነኝ። ከእኔ በፊት ኢንተርኔት አሶሳን የሚያውቃት በወሬ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ታሪክ እንዳይዛባ ብዬ ነው።

ይህንኑ ታሪክ ባለፈው ወር አንድ ለቅሶ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ አጠገቤ ላሉት ሳስረዳ፣ ቶሎሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ቶሎሳ ያኔ የቢሯችን ሾፌር የነበረ የወለጋ ሰው ነው። አሁን ጉባ፣ ግድቡ ላይ ገልባጭ መኪና ይነዳል፤ መርዶውን ሰምቶ ያን ሁሉ አቧራ ጠጥቶ ነው የመጣው።

«አራጋው፣» አለኝ፣ «በሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጠህ የሟቿን ሥራ ትወስዳለህ?»

«የማንን ሥራ?»

«የሐዋን ነዋ! ድረ-ገጹን የሠራችው እሷ አይደለችም እንዴ? ያንተ ሥራ ያቺ የምትሽከረከረው ባንዲራ ነበረች። እሷንም ሐዋ ናት ያነሣቻት።»

ምንጣፉ በሙሉ ሳቀ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ያላቸው ከሳቁ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ «አስተግፊሩላህ» እያለ አፉን ያዘ። እኔ ግን ዓይኔ ሰው መቁጠር ላይ ነበር። የማንጎው ጥላ አልበቃ ብሎ ሰዉ እስከ ቀርከሃው አጥር ድረስ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ከኩርሙክ የመጣ አለ፣ ከባምባሲ የመጣ አለ፣ በክራንች የመጣ አለ። እኔ ብሞት ከሚመጣው ግማሹ የሚመጣው እውነት መሞቴን ለማረጋገጥ ነው። ሰው በሟች ይቀናል? እንጃ። እኔ ቀናሁ። ደግሞ አዲስ ቅናት አይደለም፤ እሷ በሕይወት እያለች የጀመርኩትን ነው የቀጠልኩት።

ሐዋ የቢሯችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ያኔ ክልሉ ገና አዲስ ነው። ቢሮው ሲከፈት ከወንበሩ በፊት እሷ መጣች ይባላል፤ ወንበሩንም መዝግባ የተረከበችው እሷ ነች። ክፍሏ በኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ አንድ በር፣ ባለጉዳይ የሚቆምባት አንዲት መስኮት፣ እስከ ጣራ የተደረደረ ፋይል። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነች። ቶቧን፣ ያንን ረጅም መከናነቢያ ጨርቅ፣ ተከናንባ፣ እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ በላይ በእጥፋቱ ውስጥ ሸጉጣ ትውላለች። ወረቀት ከመግለጧ በፊት ጣቷን በምላሷ ታረጥባለች። በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ ማውሱንም ከመንካቷ በፊት ጣቷን ታረጥብ ነበር፤ በዚህ ብቻ ዓመት ሙሉ ቢሮውን አስቄበታለሁ።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው። በሐዋ አማርኛ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ ሴትንና ወንድንም ብዙ አይለይም፤ ራሷንም ብዙ ጊዜ «ሐዋ» ነው የምትለው። ኃላፊውም «አንተ»፣ እኔም «አንተ»፣ ልጇ ፈቲያም «አንተ»። ኃላፊያችን ሌላ ሰው «አንተ» ቢለው ማስጠንቀቂያ ጽፎ፣ ማስጠንቀቂያውን በአራት ግልባጭ የሚበትን ሰው ነው። ሐዋ ግን በሩን ገፋ አድርጋ ትገባና፣

«አንተ፣ ይሄን ፈርም። ነገ አትበል። ነገ ሌላ ወረቀት አለ።»

ይፈርማል። ፈገግ ብሎ! እኔ «እርስዎ»ን ስደረድር ወገቤ ጎብጦ ለአንዲት ፊርማ ሦስት ቀን ደጅ እጠናለሁ። የመጀመሪያው ቅናት ይህ ነው። አስታውሰዋለሁ፤ እዚህ፣ ከጎድኔ በታች ነው የጀመረኝ።

እኔን ደግሞ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው በቁጥር በሚጠሩት አምባዎች የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ነኝና «አምባ» ትለኝ ነበር። ንቀት አልነበረውም። የምትጠራኝ ልክ ፋይል እንደምትጠራ ነው፤ ከየት እንደወጣሁ እንዳይጠፋት።

አንድ ቀን፣ እያንዳንዱ ቢሮ ድረ-ገጽ ይኑረው፣ ሁለት ሰው ለሥልጠና ይላክ፣ ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን የሚል ደብዳቤ መጣ። አንደኛው እኔ ነኝ፤ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ስለሆንኩ ማንም አልተከራከረም። ልትሄድ የነበረችው የዕቅድ ባለሙያዋ ግን ወለደች።

«እንግዲህ ሐዋን ይዘህ ሂድ፣» አለኝ ኃላፊው።

«ጌታዬ፣ ኮምፒውተሩን በወረቀት መብሻ ወግታ ፋይል ውስጥ ብታስረውስ?» አልኩ። ቢሮው ፈረሰ በሳቅ። አብዝታ የሳቀችው ሐዋ ነበረች።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ የአሶሳ ሙቀት ጠምዶ ይዞት በየአሥር ደቂቃው ራሱ ላይ ውኃ ያፈሳል። ሊያስተምረን የመጣው የድረ-ገጽ ማስተዳደሪያ ሥርዓት የሚባል ነገር ነው። ድሮ ድረ-ገጽ ለመሥራት የኮምፒውተር ቋንቋ መማር ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ቤቱ ተሠርቶ ተሰጥቷችኋል፣ እናንተ ክፍሉን መከፋፈል፣ ቀለም መቀባት፣ ዕቃ ማስገባት ነው አለን። ከዚያ ክፍል፣ ምድብ፣ ጽሑፍ፣ ሜኑ፣ ሞጁል እያለ ይዘረዝር ጀመር። እኔ ደብተር ጨርሼ ሁለተኛ ደብተር ገዛሁ። ሐዋ አንድ መስመር አልጻፈችም። እጇን አጣምራ ታያለች።

በሁለተኛው ቀን «በሉ እያንዳንዳችሁ አንድ ጽሑፍ አስገቡ» አለ። እኔ ስለ አሶሳ ማንጎ ጻፍኩ። ምን ዓይነት ጽሑፍ! ያነበበው ሰው እጁን ሳይታጠብ አይነሣም ነበር። «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫንኩ። ድረ-ገጹን ከፈትኩ፤ የለም። እንደገና ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ፤ የለም። አሥራ አንድ ጊዜ!

«የት ሄደ?» አለ አሠልጣኙ።

«ኢንተርኔቱ ሳይበላው አልቀረም፤ ማንጎ ነውና፣» አልኩ።

ሐዋ ከጎኔ ዘንበል አለች። ጣቷን አረጠበች፣ ማውሱን ነካች።

«አምባ፣» አለች፣ «አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፍክ፤ አንዱን ወጪ አላደረግክ። ፋይል የለው። መደርደሪያ የለው። ባለጉዳይ መስኮት ላይ መጥቶ ቢጠይቅ፣ ማን ያወጣለታል?»

አሠልጣኙ የውኃ ጠርሙሱን አስቀመጠ። «እስቲ ድገሚው» አላት። ወደ ፊት አውጥቶ አቆማት። ሐዋም የመዝገብ ቤቷን መስኮት እያሰበች ትናገር ጀመር። ክፍል ማለት መደርደሪያው ነው። ምድብ ማለት ፋይሉ ነው። ጽሑፉ ደብዳቤው ነው። ሜኑ ደግሞ ባለጉዳዩ የት እንደሚሄድ በሩ ላይ የሚለጠፈው ማውጫ ነው። ደብዳቤ ተጽፎ ስለተቀመጠ ብቻ አልወጣም፤ «ወጪ» ተብሎ ሲመዘገብ ነው የሚወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይናችን ፈጦ ያልገባን ነገር በግማሽ ሰዓት ገባን። አንዱ ከኋላ «ይሄማ የእኛው ሥራ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አሠልጣኙ በሁለት እጁ ጨበጣት። እኔ በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ ሰባት ቀልድ ነግሬዋለሁ፤ በአንድ እጁ እንኳ አልጨበጠኝም።

ቢሮ ስንመለስ ታዲያ ቁልፉን፣ ማለት የይለፍ ቃሉን፣ እኔ ያዝኩ። ድረ-ገጹንም በእኔ አምሳል ሠራሁት። መክፈቻው ላይ የኃላፊው ፎቶ፣ ከደጁ በር የሚበልጥ። ከፎቶው ሥር «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣል። ግራና ቀኙን የምትሽከረከር ባንዲራ። ኃላፊው አየና ደስ አለው፤ ቀጥሎ ግን መመሪያ ሰጠ፦

«ከዚህ ቢሮ ያለ ፊርማና ማኅተም አንድ ቃል አይወጣም። ድረ-ገጽም ቢሆን።»

ምን ላድርግ? እያንዳንዱን ገጽ ጻፍኩ፣ አተምኩ፣ አስፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ ከዚያ ያንን ወረቀት በስካነር አንሥቼ ፎቶውን ጫንኩት። ከዳር እስከ ዳር ማኅተም የተመታበት ድረ-ገጽ በዓለም ላይ የእኛ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን መስመር አንዱ ገጽ እስኪከፈት ማንጎ ልጠህ፣ በልተህ፣ ታጥበህ ትመለሳለህ፤ ስትመለስ የኃላፊው ግንባር ብቻ ወጥቷል። ሁለት ገጽ ተዘቅዝቆ ገብቷል። አንዱ ላይ ማኅተሙ ደብዝዟል ተብሎ እንደገና እንድንመታው ታዘዝን።

ሐዋ ታያለች። ወረቀቶቹ ሁሉ ቁጥር ለመቀበል በእጇ ያልፋሉና ሁሉን ታውቃለች። ሦስት ሳምንት ታገሠች። ከዚያ አንድ ጠዋት እስክሪብቶዋን ሸጉጣ ኃላፊው ቢሮ ገባች። እኔ በሩ ላይ የምፈልገው ነገር ድንገት በዛ፤ ተከትዬ ገባሁ።

«አንተ፣ ወደዚህ ዙር። ስምህን ጻፍ። አሁን ሚስጥርህን ጻፍ፤ ሐዋ አያይም።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኃላፊው እንደ ተማሪ በአንድ ጣቱ ጻፈ። «ታይብ፣ ጥሩ። አሁን አምባ ይጽፋል፣ ሐዋ ይጽፋል፤ አይወጣም። እዚህ ቆሞ ይጠብቅሃል። አንተ ታነባለህ። ይሄን ስትነካ ይወጣል። አንተ ካልነካህ፣ ወላሂ፣ ማንም አያወጣው። ይሄ ማኅተምህ ነው።»

ኃላፊው ነካ። አረንጓዴ ምልክት በራች።

«ቀለም የለውም?» አላት።

«የለውም። እጅህ አይቆሽሽም።»

ቁጭ ብሎ ሰባት ገጽ አጸደቀ። ሰባት! ከሻይ ሰዓት በፊት! አሠልጣኙ ስለ ፈቃድ ደረጃ ሲያስተምር እኔ ሁለት ገጽ ጽፌበት ነበር፤ ይህን ለዚህ ማዋል እንደሚቻል ግን ራሴን ቢመቱኝ አይመጣልኝም።

ከዚያ ወዲያ ሐዋ ከመዝገብ ሥራዋ የተረፋትን ሰዓት ሁሉ እኔ ክፍል ትመጣ ጀመር። አሠራሯ እንዲህ ነው፦ በቀን አንድ ነገር ብቻ ትነካለች። ከነካች በኋላ ገጹን ከፍታ ታያለች፤ በአሮጌ የደብዳቤ መመዝገቢያ ላይ «ዛሬ ይህን ነካሁ፤ ይህ ሆነ» ብላ ትጽፋለች። «ሁለት ነገር ከነካህ፣ የትኛው እንዳበላሸ አታውቅ» ትለኝ ነበር። እኔ በቀን አርባ ነገር ነክቼ በአርባ አንደኛው የምጮህ ሰው ነኝ። አንድ ቀን በሌለችበት መዝገቧን ገለጥኩት። በዚያ በተጠማዘዘ ፊደሏ፣ የሥርዓቱን ሆድ ዕቃ በሙሉ አንድ በአንድ ዘርዝራዋለች። ሰው በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው በሬ ይቀናል፤ እኔ በመዝገብ ቀናሁ። ዘጋሁትና ወደ ቦታው መለስኩት። እንዳልተነካ አስመስዬ ነበር፤ በማግስቱ «አምባ፣ ሌላ ጊዜ ስታነብ እጅህን ታጠብ፣ ማንጎ ነክቶታል» አለችኝ።

የኃላፊውን ፎቶ ከመክፈቻው ያነሣችውም እሷ ነች። እኔ ብሆን ሥራ ፈላጊ ሆኜ ነበር።

«ባለጉዳይ ፎቶ ሊያይ አይመጣም፣» አለችው ፊት ለፊት። «ሐዋ መስኮት ላይ ብዙ ዘመን ቆመ። ሰው ሦስት ነገር ይጠይቃል። የት ልሂድ? ምን ልያዝ? መቼ ልመለስ? ኸላስ፣ በቃ። ሌላ አይጠይቅ።»

በፎቶው ቦታ ሦስቱን ጥያቄዎች በትልቁ አስቀመጠች፤ አንዱን ስትነካ መልሱ ይወጣል። ባንዲራዎቼም በዚያው ወረዱ። ሰው ከወረዳ ድረስ ሳይመላለስ፣ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ሁሉ ይዞ በአንድ ጊዜ ይመጣ ጀመር። ኃላፊው በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «የሐዋ ድረ-ገጽ» አለ። በቃ፤ ስሙ ወጣ። ኮሪደሩ ሁሉ «የሐዋ ድረ-ገጽ»፣ «የሐዋ ድረ-ገጽ»። በሰማሁት ቁጥር ከክፍሌ ብቅ ብዬ «የቢሮው ድረ-ገጽ» እያልኩ አርማለሁ።

ይህን በዝምታ ማለፍ ነበረብኝ? ነበረብኝ። አላለፍኩም። ከአዲስ አበባ የድረ-ገጾችን ሥራ የሚያይ ቡድን ሐሙስ ይመጣል ሲባል፣ ረቡዕ ጠዋት የእኔ የሆነ አንድ ትልቅ ነገር ልጨምር ተነሣሁ። የገጹን አናት ከዳር እስከ ዳር የቀርከሃ ሥዕል ላለብሰው! ለዚህ ደግሞ የገጹ መልክ የተጻፈበት ፋይል ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። አሠልጣኙ «ይህን ፋይል ቅጂ ሳትይዙ እንዳትነኩ» ብሎ ነበር፤ በደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ገባሁ። አንድ ነገር አጠፋሁ፣ አንድ ነገር ጨመርኩ፣ አስቀመጥኩ። ገጹን ከፈትኩ።

ነጭ። ፊደል የለ፣ ሥዕል የለ፣ የተባዘተ ጥጥ ይመስል ነጭ። መልሼ ከፈትኩ፤ ነጭ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ቶሎሳ የጉዞ ወረቀት ሊያስፈርም መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ አየ።

«ምነው፣ ድረ-ገጹ ጾም ያዘ?»

«አዲስ ዲዛይን ነው። ዓይን ያሳርፋል።»

«ነገ ኃላፊው ሲያየው አንተንም ያሳርፍሃል፣» ብሎኝ ሄደ፤ ቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት።

ሐዋ መጣች። ጣቷን አረጠበች። አየች።

«ነክተሃል።»

«አልነካሁም።»

«አምባ።»

«ትንሽ ነካክቻለሁ፣ እትየ ሐዋ።»

አልተቆጣችም። ወደ ክፍሏ ሄዳ አንድ ቦክስ ፋይል ይዛ መጣች። ቁጥር አለው። ውስጡ በፖስታ የታሸጉ ሲዲዎች በቀን በቀናቸው ተደርድረዋል። በየሳምንቱ ዓርብ፣ ወደ ጁምዓ ከመሄዷ በፊት፣ ድረ-ገጹን በሙሉ ትገለብጥ ኖሯል! «ቀሪ ነው» አለችኝ፤ በመዝገብ ቤት ሕግ ቀሪ ቅጂ ሳይያዝለት ወጪ የሚሆን ደብዳቤ የለም። ያን ዕለት እኔ የነካሁትን ፋይል አውጥታ በዓርቡ ቅጂ ተካችው። ምሳ ሳይደርስ ሦስቱ ጥያቄዎች ቦታቸው ላይ ተቀምጠው አፈጠጡብኝ።

በማግስቱ ቡድኑ መጣ፣ አየ፣ ወደደ። «ይህን የሠራው ማነው?» ሲሉ ኃላፊው «ሐዋ!» አለ። ሐዋ ግን እስክሪብቶዋን ነቅላ ወደ እኔ ጠቆመች።

«አምባ ሠራ። ሐዋ ቀሪ ያዘ።»

ሁሉም አጨበጨበልኝ። ያኔ ማመስገን፣ መሳቅ፣ መሬት መሳም ነበረብኝ። እኔ ጠላኋት። ስላዳነችኝ ጠላኋት፤ አድናኝም ምስጋናውን ስለሰጠችኝ አብልጬ ጠላኋት። እጇ እንዲህ የተዘረጋ ሰው ላይ መቅናት ድካም ነው፤ የምትይዝበት ቦታ የለውም።

ከዚያ የመዋቅር ለውጥ መጣ። ሠራተኛው በሙሉ በአዲስ ይደለደላል ተባለ። የመዝገብ ቤቱ ሥራ ይጠባል፤ ቦታ ያልተገኘለት ተንሳፋፊ ሆኖ ወደ ወረዳ ይላካል። አንድ አዲስ መደብ ደግሞ ተፈቀደ፦ የድረ-ገጽ ባለሙያ። ዲፕሎማ ይጠይቃል፤ ሐዋ የላትም። ነገር ግን ሥራውን በተግባር ስትሠራ መቆየቷን የቅርብ ኃላፊዋ በጽሑፍ ካረጋገጠላት ይፈቀዳል ተባለ። በድረ-ገጹ ሥራ የቅርብ ኃላፊዋ ማነው? እኔ።

መጣች። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። እንዲህ ቆማ አይቻት አላውቅም፤ እንደ ባለጉዳይ።

«አምባ፣ አንተ ጻፍልኝ። ፈቲያ እዚህ ስምንተኛ ክፍል ይማራል። ሐዋ ወረዳ ከሄደ እሱ ብቻውን ይቀራል።» ሳቅ አለች። «እውነቱን ብቻ ጻፍ። አትጨምር። አንተ መጨመር ትወዳለህ።»

«ምን ማለትሽ ነው እትየ ሐዋ! እኔ እያለሁ?» አልኳት። በወንድሜ፣ በእናቴ፣ በአምባው ሁሉ ማልኩ።

ተቀመጥኩ። እኔ የዝንጀሮ መንጋ ሳይ የጦር ሠራዊት ነው ብዬ የማወራ ሰው ነኝ። አንድ ዓሣ ያጠመድኩ እንደሆነ ዓሣው እስከ ማታ ድረስ ያድጋል። ያን ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ትክክለኛ ነገር እንኳ ከእጄ አልወጣ አለ። ባለሙያ ከሆነች ጠረጴዛዋ የሚገባው እኔ ክፍል ነው። በሩ ላይ ስሟ ይለጠፋል። ሰው እኔን አልፎ እሷን ይጠይቃል። ሥራዬ አይነካም ነበር፤ ደመወዜ አይነካም ነበር፤ ምኔም አይነካም ነበር። ጻፍኩ፤ እንዲህ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፦

«ወይዘሮ ሐዋ በድረ-ገጹ ሥራ ላይ በጽሕፈትና ሰነድ በማቀበል ትብብር አድርገዋል።»

ልብ በሉ፤ ውሸት የለበትም። በሕይወቴ ያለ ግነት የጻፍኩት ብቸኛ ደብዳቤ ነው።

ፈርሜ ለኮሚቴው ላክሁት። ለኮሚቴ የሚላክ ደብዳቤ ደግሞ፣ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ፣ መጀመሪያ የሚገባው መዝገብ ቤት ነው። እዚህ ላይ ረስቼው ነው ብል ደስ ባለኝ። በመስኮቷ በኩል ሳልፍ ፖስታውን ከፍታ እያነበበች ነበር። ጣቷን አላረጠበችም፤ አንድ ወረቀት ነውና የሚገለጥ ነገር የለውም። እስክሪብቶዋን ከቶቧ መዘዘች። ቁጥር ሰጠችው። በገቢ መዝገቡ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሳትቸኩል አሰፈረችው። ልትቀደው ትችል ነበር፤ ማን ያይ ነበር? ኮሚቴው ፋይል ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ቀና አለች።

«አምባ፣ ደብዳቤህ ገብቷል። ቁጥር ሰጠሁት።»

መስኮቷ ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርኩ።

«አልጨመርክም፣» አለችኝ።

ኩርሙክ ደረሳት። በአንድ የብረት ሳጥን ሄደች፤ ፈቲያ አክስቷ ቤት ቀረች። የድረ-ገጹ መደብ ሰው ሳያገኝ ቆየና በተደራቢነት ለእኔ ተሰጠ። በክፍሌ በር ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ራሴ ነኝ ያሳተምኳት፤ ከሌሎቹ በሮች ሁሉ ትልቅ ነበረች።

በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊው አንድ አዲስ ገጽ በዋናው ሜኑ ላይ አውጣ አለኝ። ግማሽ ቀን ታገልኩ። ከዚያ ከቢሮው ጀርባ፣ ጀነሬተሩ ከሚጮህበት ሄጄ ደወልኩላት። ስድብ እየጠበቅኩ ነበር፤ ብትሰድበኝ ምንኛ ይቀለኝ ነበር።

«ቆይ አምባ፣ ኮረብታው ላይ ልውጣ፤ እዚህ ኔትወርክ የለ፣» አለች። ትንፋሿና ነፋሱ ይሰማኛል። «እሺ። ምን ታያለህ?»

ያየሁትን ነገርኳት። ከላይ ሦስተኛውን ንካ አለች። ነካሁ። ወጣ። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «ፈቲያን አየኸው?»

እንዲህ ሆኖ ሰባት ዓመት አለፈ። አንድ ነገር በተሰበረ ቁጥር እደውላለሁ፤ ትወጣለች፤ ትነግረኛለች። በመጨረሻ ሁልጊዜ ስለ ፈቲያ ትጠይቃለች። አንዳንዴ አይቻት «ደህና ናት» አልኩ። አንዳንዴ ሳላያት «ደህና ናት» አልኩ። ጡረታ ወጥታ አሶሳ ከተመለሰች በኋላም ገበያ ላይ ስታገኘኝ «ድረ-ገጹ ይሠራል?» ትለኛለች፤ የዘመድ ጤና እንደመጠየቅ።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ፣ ቶሎሳ ካሳቀብኝ በኋላ፣ ፈቲያ ራሷ ውኃ ይዛ መጣች። አሁን ጾሬ፣ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያው ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ጎንበስ ብላ ሰጠችኝና፣

«ጋሼ አራጋው፣ እማ ስልክዎ ሲደወል ያንን ኮረብታ ትሮጥ ነበር። በዕረፍት ስሄድ አይቻታለሁ። ‹ነገ ደውል በይው› ስላት ‹አምባ ብቻውን ነው፤ የሚያግዘው ሰው የለውም› ትለኝ ነበር» አለችኝ።

ውኃውን ጠጣሁ። ይህን ሁሉ ለቶሎሳ እዚያው ምንጣፉ ላይ መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኩትም፤ እዚህ ልጻፈው። በሰባት ዓመት ውስጥ ብቻዬን ያወጣሁት አንድም ገጽ የለም። ስልኬ ላይም ቁጥሯ «ሐዋ» ተብሎ ተመዝግቦ አያውቅም። ስደውል አንድ ሰው አሻግሮ ቢያይ ብዬ «ኢንጂነር፣ አዲስ አበባ» ነው ያልኳት።